የነሐሴ ቲማቲም

ፀሐይወርቅ ጉራ ትወዳለች። ይህን ከኋላዋ ማማት አያስፈልግም፤ ራሷም ታውቀዋለች፣ ሰፈሯ መካኒሳ አቦም ያውቀዋል። «የምጎርረው ሠርቼ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ችግሩ አንዳንዴ ጉራው ከሥራው ቀድሞ መድረሱ ነው።

በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የሆነውም ይኸው ነበር። በግንቦቱ የእድር ስብሰባ ላይ ሴቶቹ ክረምት በገባ ቁጥር የቲማቲም ዋጋ እሳት እየሆነ መቸገራቸውን ሲያወሩ፣ እሷ ብድግ አለችና «ዘንድሮ ለፍልሰታ ከጓሮዬ ቀይ ቲማቲም ቀጥፌ አበላችኋለሁ!» ብላ እርፍ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የእድሩ ዳኛ አቶ ለታ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። «ልጄ፣ የእኔ እትብት የተቀበረው እዚሁ መሬት ላይ ነው። ከተማው ሳይመጣብን በፊት እዚህ ጤፍና ሽንብራ እናጭድ ነበር። የነሐሴ ዝናብ ቲማቲም ሲያበሰብስ እንጂ ሲያቀላ አላየሁም። አንቺ ካቀላሽ እኔ ለታ አይደለሁም፤ ሌላ ስም አውጡልኝ» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይባስ ብሎ አቶ ለታ ጎረቤቷ ናቸው፤ ሁለቱን ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው።

ፀሐይወርቅ ከአትክልት ጋር የተዋወቀችው በመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ነው። እዚያ ለዓመታት አፈር ስትሞላና ውሃ ስታጠጣ ኖራ፣ ጣቢያው ሠራተኛ ሲቀንስ እሷም ተቀነሰች። ቤት ገብቶ መቀመጥ ግን አልሆነላትም። የተቀነሰ ሰው በሰፈር በምን ዓይን እንደሚታይ ታውቃለች፤ «ምስኪን» መባልን ከስድብ ትቆጥረዋለች። ስለዚህ ከቤቷ ጀርባ ባለው ጓሮ የባሕር ዛፍ አጠና አቆመች፣ ላዩ ላይ ሽመል አጎበጠች፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አለበሰችውና ለአትክልት ቤት ሠራች። «ሰው ቤት አጥቶ ጎመን ቤት ተሠራለት» እያለ ሰፈሩ ሳቀ። የኅዳር ውርጭ መጥቶ የሁሉንም ጎመን እንደ ተቀቀለ ሲያደርገው ግን እሷ ከዚያ ውስጥ ለምለም ቆስጣና ሰላጣ ታወጣ ነበር። በበጋም በበልግም ጓሮዋ ባዶ ሆኖ አያውቅም። የቀራት ክረምት ብቻ ነው። ክረምትን ካሸነፈች ዓመቱ በሙሉ የእሷ ነው።

ባሏ በኃይሉ ለዚያ ጓሮ ሌላ ሐሳብ ነበረው። በኃይሉ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ንግግር አያበዛም፣ የተናገረውን አያጥፍም። ሁለት ሰርቪስ ቤት ሠርቶ ማከራየት ይፈልጋል፤ ብሎኬቱንም አስጭኖ አምጥቶ በር ላይ ከምሮታል። ባለፈው ክረምት ቲማቲሟ ከነግንዱ ሲበሰብስ ምንም አላላትም። ዘንድሮ ግን «ፀሐይ፣ እስከ እንቁጣጣሽ እጠብቅሻለሁ። ቲማቲሙ ከሆነ ይሁን፤ ካልሆነ መሠረት እቆፍራለሁ» አላት።

ያለፈውን ክረምት ስታስበው ያስቃታል፤ ያናድዳታልም። ቲማቲሞቹን የገደለቻቸው በፍቅር ነው። እንደ አራስ ነበር የያዘቻቸው፤ ብርድ እንዳይመታቸው፣ ንፋስ እንዳይገባባቸው ብላ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ጠቅጥቃ፣ በሩን በድንጋይ አስደግፋ ዘጋችባቸው። ምን ታድርግ፣ የዚህ አገር ሰው አይደለችም እንዴ? ባሏ በሚነዳው አውቶቡስ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ መስኮት ሲከፍት የተቀረው ሁሉ «ዝጋው!» እያለ ይጮህበት የለ? ላስቲኩ ከውስጥ አላበው፤ ላቡ ቅጠሉ ላይ ተንጠባጠበ፤ ሻጋታ ገባና ሁሉንም ጨረሰው።

ያኔ ነው የችግኝ ጣቢያው አለቃ ትዝ ያሏት። ሰውዬው ዝናብ ቢሆን ብርድ በየጠዋቱ የጣቢያውን የመስታወት ችግኝ ቤት መስኮቶች እየዞሩ ይከፍቱ ነበር። ሠራተኞቹ ደግሞ ከኋላ ከኋላቸው እየሄዱ ይዘጉ ነበር። ከዘጊዎቹ ዋነኛዋ ፀሐይወርቅ ነበረች። አለቃው ትንሽ ነካ ያደረጋቸው ይመስላት ነበር።

ዘንድሮ ከፈተች። የላስቲኩን ሁለት ጎኖች ጠዋት እስከ ወገቧ ድረስ ጠቅልላ ታስራለች፤ ማታ ግማሹን ትለቀዋለች። በዝናብ ንብ ስለማይወጣ፣ አበባው ፍሬ እንዲይዝ፣ ተክሉ የታሰረበትን ሲባጎ አንድ በአንድ በቀጭን ዱላ መታ መታ ታደርጋለች። አቶ ለታ በአጥሩ ቀዳዳ ይህን አዩና «ፀሐይወርቅ ቲማቲሞቿን መግረፍ ጀመረች» ብለው ለሰፈሩ አዳረሱት።

ያልሳቁባት የአቶ ለታ እናት፣ እማማ ሞልቱ ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁትም፤ ክረምት ሲመጣ ጉልበታቸው ይጠዘጥዛቸዋል። በሐምሌ አንድ ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና ላስቲክ ቤቱ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሙቀቱ ተስማማቸው፤ ከዚያ በኋላ መቅረት የለም።

«ኧረ ዝጊው ልጄ፣ ንፋሱ!» ይሏታል።

«አይዘጋም እማማ፤ ቲማቲሙ ይታመምብኛል» ትላቸውና የራሷን ጋቢ ትደርብላቸዋለች።

«ለለታ እንዳትነግሪው። እኔ የሳቅሁበት ቤት ገባች ብሎ መሳቂያ ያደርገኛል» ብለው አስማሏት። ያቺ ጉረኛ ይህን የመሰለ ወሬ እንዴት አድርጋ ሆዷ ውስጥ እንዳቆየችው እግዜር ይወቅ፤ ግን አቆየችው።

ፍልሰታ ሲገባ ቲማቲሙ መቅላት ጀመረ። መጀመሪያ የታችኞቹ ፍሬዎች ቢጫ አሉ፣ ቀጥሎ ጉንጫቸው ደም መሰለ። ፀሐይወርቅ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ቅርጫቱ ሲሞላ በእድሩ ሴቶች ፊት ልትዘረግፈው፣ በኃይሉንም «እንካ መሠረትህን!» ልትለው እያሰበች ለብቻዋ ትስቅ ነበር።

በዚህ መሐል እማማ ሞልቱ አረፉ።

የእድሩ ጥሩንባ በጠዋት ተነፋ። ፀሐይወርቅ ከልቧ አለቀሰች፤ በርጩማቸው ጥጉ ላይ እንዳለ ነበር። ዝናቡ አላባራም። የእድሩ ድንኳን ደግሞ አንድ ነው፤ እሱም ከነአግዳሚ ወንበሩ ከትናንት ጀምሮ ወደ ላፍቶ በኩል ሌላ ለቅሶ ላይ ተተክሏል፤ ሣልስቱ ሳይወጣ አይነቀልም። የአቶ ለታ ቤት ጠባብ ነው። ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ዝናብ ላይ ሊቀመጥ ነው። የእድሩ ዕቃ ጠባቂ አቶ ቱሉ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው የፀሐይወርቅን በር አንኳኩ።

«ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ እንግዲህ ለቅሶ ነው፤ አንቺው ታውቂዋለሽ» አሉ። «ያንን ላስቲክ እስከ ሣልስት አውሺን፤ ዳስ እንጣልበት።»

ፀሐይወርቅ ወደ ጓሮዋ ዞር ብላ አየች። ላስቲኩ ተነስቶ ያ ዝናብ ቲማቲሙ ላይ ከወረደ ሁሉም ነገር አበቃ። እምቢ ብትል ደግሞ «ለለቅሶ ላስቲክ የከለከለች» ተብላ ዕድሜዋን ሙሉ ልትኖር ነው፤ ያውም ለእማማ ሞልቱ ለቅሶ! በኃይሉ ከኋላዋ ቆሟል። ዓይኑ በር ላይ ወዳለው ብሎኬት ሄደ። እሷም አየችው።

«ላስቲኩ አይነሳም» አለች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ቱሉ ሰምተው ያልሰሙ መሰሉ።

«አጥሩ ይነሳ» አለች ቀጥላ። «ለቅሶው እዚህ ይምጣ። ውስጡ ደረቅ ነው፤ ሰው ይይዛል።»

መሐል ላይ የነበረውን የቆስጣ መደብ በገዛ እጇ ነቀለችው፤ ለለቀስተኛ ወጥ ይሆናል ብላ ለሴቶቹ ሰጠች። በግራና በቀኝ ቲማቲሙ ሲባጎው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ መሐሉ ሜዳ ሆነ። ጎረምሶቹ የቆርቆሮውን አጥር ነቅለው ግንብ ላይ አስደገፉት። መቀመጫ ሲጠፋ በኃይሉ ሄዶ ብሎኬቶቹን እየተሸከመ አመጣ፤ ደርድሮ ጣውላ አጋደመባቸው።

«ለጊዜው ነው» አላት። እሷም «አውቃለሁ» አለችው።

ለቀስተኛው ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በስብሶ ተመልሶ ገባ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ቤት አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ሽማግሌው ሁሉ ቲማቲም በትከሻው እየነካ ተቀመጠ፤ ላስቲኩ ላይ ዝናቡ ይደበድባል፣ ታች አንዲት ጠብታ የለችም። ፍሬውን ያየ ጎረቤቱን በክርኑ ይጎስማል፤ ለቅሶ ነውና አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም።

ፀሐይወርቅ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ስትከትፍ ቆይታ ብቅ ብትል፣ ሁለቱም ጎን ተዘግቷል። አንዱ ለቀስተኛ ንፋሱ ሲመታው ላስቲኩን ፈትቶ ለቆታል፤ ሌላው ጫፉን በድንጋይ አስይዞታል። የዚያ ሁሉ ሰው ትንፋሽና የእርጥብ ጋቢ እንፋሎት ጣሪያው ላይ ላብ ሆኖ ቅጠሉ ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ያለፈው ክረምት በዓይኗ ላይ መጣባት። ሄደችና ድንጋዩን ገፍታ ጠቀለለችው።

«ኧረ ዝጊው! ብርድ መታን!» አሉ ከወዲያ።

«በለቅሶ ላይ ለቅሶ ልትጨምሪ ነው እንዴ?» አሉ ከወዲህ።

ቀድሞ ቢሆን መልስ አይቸግራትም ነበር። ሰው በሞተበት ቀን ግን «ቲማቲሜ» ማለት በየት አፍ ይወጣል? ላስቲኩን ግን አልለቀቀችም። «እማማ ሞልቱም እዚህ ተከፍቶ ነው የተቀመጡት» የሚለው አምልጧት ወጣ።

አቶ ለታ ከተከናነቡት ጋቢ ውስጥ ቀና አሉ። «ማን? እናቴ?»

መሐላው ትዝ አላት፤ አሁን ግን መመለሻ የለውም። «አዎ ጋሽ ለታ። እዚያች ጥግ፣ በርጩማው ላይ። ለጉልበታቸው ሙቀቱን ወደውት ሐምሌን ሁሉ እዚሁ ከረሙ። እንዳልነግርዎት አስምለውኝ ነው።»

አቶ ለታ በርጩማውን አዩት። «ጠበል እሄዳለሁ ትለኝ ነበር» አሉ። «ጉልበቷ ሲሻላት አቦ ጻድቁ ሰሙኝ ብዬ ሻማ አስገባሁ…» ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ትከሻቸውን ነቀነቀው። እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ ለቀስተኛው ዞሩ። «የቤቱን ባለቤት ቃል ስሙ። እሷ ይከፈት ካለች ይከፈት። የበረደው ይከናነብ።»

የእድሩ ዳኛ ከተናገሩ ነገሩ አለቀ። መካኒሳ አቦ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ እያጉረመረመ፣ ላስቲኩ እንደተከፈተ ተቀመጠ።

በሣልስቱ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ለቀስተኛው የጾም ምሳ ሲቀርብለት ፀሐይወርቅ ቅርጫቷን ይዛ ገባች። አንዱንም ቀይ አላስቀረችም። ሴቶቹ በቃሪያና በሽንኩርት የቲማቲም ፍትፍት አደረጉት፤ በየትሪው ዞረ። አቶ ለታ አንዴ ጎረሱ። ደገሙ። ቤቱ ሁሉ አፍ አፋቸውን ያያል።

«እንግዲህ» አሉ አኝከው ሲጨርሱ፣ «ስሜን ማን ልትሉኝ ነው?»

ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲያ አይሳቅም፤ ተሳቀ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ይኼኔ ነው። ፀሐይወርቅ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከሥራ ስትቀነስ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠ አንድ ድንጋይ ነበረ፤ እዚያው ቆማ ሲወርድላት ተሰማት። ኮራች፤ እስከ ጆሮዋ ድረስ ኮራች። የሚገርመው ደግሞ አንድ ቃል አልተናገረችም።

በማግስቱ ጠዋት ግን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ኩራቱ ቀዝቅዞላት ነበር። ቀዩን ሁሉ ሰው በልቶታል፤ ተክሉ ላይ የቀረው ጥሬው ነው፤ እንቁጣጣሽም እየቀረበ ነው። ለበኃይሉ ምኗን ታሳየዋለች? የግቢውን በር ስትከፍት ከጓሮ የዶማ ድምፅ ሰማች። በኃይሉ የተናገረውን አያጥፍም።

እየሮጠች ዞረች። በኃይሉ ሸሚዙን ጠቅልሎ እየቆፈረ ነው፤ የሚቆፍረው ግን ላስቲክ ቤቱን ዙሪያውን ተከትሎ፣ በስሱ ነው። ከኋላው ብሎኬቶቹን አንድ ረድፍ እየደረደረ መጥቷል። አጥሩ እንደተነቀለ ነው፤ አቶ ለታ ከወዲያ በኩል የሲባጎ ጫፍ ይዘው መስመሩን ያስተካክሉለታል።

«የአጠናሽ ሥሩ በስብሷል» አላት በኃይሉ ቀና ሳይል። «መሠረት ካልያዘ ለከርሞ ክረምት አይቆምም።» አንድ ብሎኬት አንስቶ ቦታው ላይ ለካና እንደያዘው ቆመ።

«ፀሐይ» አላት፣ «ለንፋሱ በየት በኩል ክፍት ልተውለት?»

«በሁለቱም በኩል» አለችው።