ከፍጥሞ የመጣው መስቀል

«መስቀሉ የኔ ነው! ፍጥሞ ደሴት የሄድኩት እኔ፣ መርከብ ሲጠብቅ የዋለው እሱ!»

«ጋሼ፣ ገና የወንድምዎ አርባ እንኳ ሳይወጣ?» አለች እናቴ ቀስ ብላ። «በሕይወት ሳለ ለምን አልጠየቁትም?»

«ወንድሜ ነዋ፣ አፈርኩ! አሁን ግን አምጪው አልኩሽ!»

የተፈለፈለ ቡና ገለባ በዝናብ ሲበሰብስ የሚሸተው ያ ኮምጣጣ ሽታ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በደረሰብኝ ቁጥር፣ ይህ ጭቅጭቅ ከነድምፁ ይመለስብኛል።

ጋሼ በላይነህ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። ሁለቱ በወጣትነታቸው በአንድ መርከብ ላይ ሠርተው፣ ባሕሩ ሲሰለቻቸው ወደዚህ ቡና አገር መጥተው ቀሩ። መርከባቸው ለጥገና አንድ የግሪክ ወደብ ላይ በቆመች ጊዜ አባቴ የአንድ ቀን ፈቃድ አግኝቶ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ወዳየባት ወደ ፍጥሞ በጀልባ ተሻገረ፤ ወንድሙ ግን ሲጠጣ አድሮ መነሣት አቅቶት መርከቡ ውስጥ ተኝቶ ዋለ። አባቴ በነጫጭ ቤቶች መካከል ሽቅብ ወጥቶ ከዋሻው ደጃፍ ሲደርስ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ከነጫማው ሲገባ እያየ እሱ እንዳገሩ ልማድ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ የተሰነጠቀውን ዓለት ተሳልሞ ሲወጣ ጫማው የለም። ጀልባው እንዳያመልጠው ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ ባዶ እግሩን ቁልቁል ሲሮጥ፣ ስለታም ድንጋይ ተረከዙን ቀደደው። ጠባሳውን እያስዳበሰኝ ይስቅ ነበር፤ «ለወንድሜ ግን እንዳትነግሩት፣ መሳቂያ ያደርገኛል» እያለ እናቴንና እኔን ያስጠነቅቀን ነበር። ያን ቀን ገዝቶት የመጣው ትንሽ የወይራ እንጨት መስቀል ከአልጋው ራስጌ ተሰቅሎ ይኖር ነበር።

ክረምቱን ሙሉ ጋሼ እየተመላለሰ እናቴን ያስጨንቃት ነበር። እሷ የሟችን አደራ ጠብቃ፣ የጫማውን ነገር ሳታነሣ፣ መስቀሉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዘው ነበር።

ኅዳር ገብቶ ቡናው ሲቀላ፣ እናቴ ጓሯችንን ብቻዋን ስትለቅም እሱ ገበያ መሐል ተቀምጦ ስለ ነጫጮቹ ቤቶች ያወራ ነበር። ከጎረቤታችን ከሸዋ ቤንች ቡና ይዘው የሚመጡት ሳይቀሩ «ፍጥሞ የረገጠው» ይሉት ጀመር። አንዳንዶቹ ጉልበቱን ይስሙ ነበር። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ጥርሴን እነክስ ነበር፤ ቡና ሳይቀላ ከተለቀመ ዋጋ እንደሌለው አውቃለሁና በቀሌንም እንዲቀላ ተውኩት።

በጥር የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ተራው ደርሶ እኛ ቤት ዋለ። ሚዛን ጥርም ቢሆን ዝናብ አታጣም፤ ሰው ሁሉ የጨቀየ ጫማውን ደጃፉ ላይ እያወለቀ ገባ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው እንደዞረ ጋሼ ተነሥቶ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ እሱ እንዲሆንና መስቀሉም በአባቴ የነፍስ አባት በመምሬ ፊት እንዲሰጠው ጠየቀ። ብዙዎቹ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እናቴ የነጠላዋን ቋጠሮ አጥብቃ ያዘች። አደራው እኔንም ይዞኛል፤ መጠየቅ ግን አልተከለከልኩም።

«ጋሼ፣ ዋሻው ውስጥ ሲገቡ ጫማዎን አውልቀው ነበር?»

«እንዴታ! አንቺ ቀበጥ፣ የተቀደሰ ቦታ በጫማ ይገባል?»

«ሲወጡስ?»

«ስወጣማ አጥልቄው መጣሁ! ምን ላደርገው ኖሯል፣ ልበላው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። መምሬ ብቻ አልሳቁም።

«በላይነህ» አሉ፣ «ወንድምህ እዚያ ደጅ ጫማው ጠፍቶበት፣ ባዶ እግሩን ሲወርድ ተረከዙን ድንጋይ እንደ ቀደደው በጨዋታ ነግሮኛል። ስንገንዘው ጠባሳውን አይተህ ‹ይሄ እግሩን ምን አግኝቶት ነው?› ብለህ የጠየቅኸኝ አንተ ነህ። ለቅሶ ላይ ነበርንና ዝም አልኩህ። ይኸው አሁን መለስኩልህ።»

«ውይ!» አሉ አንዲት አሮጊት ዋንጫቸውን አስቀምጠው። «ታዲያ የቱን ፍጥሞ ነው ሲተርክልን የከረመው?»

ዛሬ ጋሼ አርጅቷል፤ ገበያ ውስጥ ሲያገኘኝ አንድ ነገር ሊለኝ ከንፈሩን ያንቀሳቅስና አንገቱን ይደፋል። ጊዜ ሁሉን ያበርዳል ይሉኛል፤ የኔ አልበረደም፣ ከዚያ ቀን ወዲያ የነሣሁትን አንቱታም አልመለስኩለትም። ያኔ በሁለት አጭር ጥያቄ የልቤን አደረስኩ፤ አሁን ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እጽፋለሁ፣ ስንት መስመር ጽፌ ስንቱን ሰርዤም እናቴ ያን ቀን ደጃፉ ላይ ቆማ ከተናገረችው አንድ አረፍተ ነገር አልደረስኩም።

ያን ቀን፣ አሮጊቷ ያን እንዳሉ፣ ጋሼ ከዘራውን አንሥቶ እየተደናበረ ወጣ፤ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ቢፈልግ የለም። እናቴ ቀድማው ወጥታ በእጇ ይዛዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ «እርስዎ» ስትለው የኖረችው ሴት፣ ቀና ብላ አየችውና፣

«ሂድ» አለችው፤ «ፍጥሞን የረገጠ እግር የሚዛን ጭቃ አያቅተውም።»

ባዶ እግሩን ወደ ጭቃው ወረደ። እሷም ጫማውን እንደያዘች ገብታ በሩን ዘጋችው።