ትርፉ ቁራሽ

ባለፈው ሳምንት ከላፍቶ ወደ ጎፋ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ሳለ ረዳቱ ልጅ ያዘለች ሴት አስገባና፣ «ፋዘር፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ፤ አንድ ትርፍ ናት» አለኝ። ሴትዮዋ አላለፈችውም። «ትርፍስ አንተ፣ በር ላይ የተንጠለጠልከው!» ስትለው ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን አልቆየም። ያን ቃል ከብዙ ዓመታት በፊት እኔው ራሴ ለአንድ ሰው ተናግሬው ነበርና።

ያን ጊዜ ላፍቶ እርሻ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ጥቁሩ ጭቃ ጫማ ይነጥቅ ስለነበር፣ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሰንበቴ ቤት የምንገባው እግራችንን በሣር ጠርገን ነው። እኔ የሃያ ዓመት ዲያቆን ነበርሁ። ባሕረ ሐሳብ ተምሬ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት በጣቴ አስልቼ ስለምናገር ራሴን ከፍ አድርጌ እመለከት ነበር። ትምህርት ያልበሰለበት ወጣት እንደ አዲስ ጠላ ነው፤ አረፋው ይበዛል።

በሰንበቴያችን ዳቦ የሚቆርስ ሰው ከተሰበሰበው ሰው ቁጥር አንድ አስበልጦ እንዲቆርስ የቆየ ልማድ ነበር። ያቺ ቁራሽ ተሸፍና የእግዚአብሔርን እንግዳ ትጠብቃለች። በዚያ እሑድ መቁረሱ ለእኔ ደረሰ። ሃያ ሦስት ነበርን። የኮባ ቅጠል ሽታው ያልለቀቀውን ትኩስ ድፎ ሃያ ሦስት ቦታ እኩል ቆረስሁት።

«ትርፉስ?» አሉኝ መምህሬ።

«የኔታ፣ በዚህ ዝናብ ማን ይመጣል ብለው ነው?»

ድርሻቸውን ተቀብለው ሳይነኩት ፊታቸው አኖሩት።

ሁሉም ድርሻውን እንደያዘ፣ ጆንያ የተከናነበ፣ ውኃ የሚንጠባጠብበት ቀጭን ሰው በሩ ላይ ቆመ። «እንደምን ዋላችሁ አባቶቼ» አለ። ሌላው ሳይመልስለት እኔ ቀደምሁ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ ትርፍ የለም። በልክ ነው የቆረስነው።»

ሰውየው እጄን አየ፤ መሶቡን አየ። ከዚያም «ይቅርታ» ብሎ ወደ ዝናቡ ተመለሰ።

የኔታ አልተቆጡም። ያልነኩትን ቁራሻቸውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠሩልኝና፣ «ሩጥ፤ ሰውየውን ሳትይዝ እንዳትመለስ» አሉኝ።

ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ላይ ደረስሁበት። ዳቦውን ስዘረጋለት አልተቀበለኝም።

«የመጣሁት ለዳቦ አልነበረም» አለ። «እናቴ ንጋት ላይ አረፈች። ከደቡብ ለግንብ ሥራ የመጣን ነን፤ ከእኅቴ በቀር ዘመድ የለኝም፤ ዕድርም አልገባን። ቃሬዛ የሚይዝ ሰው ልለምን ነበር። ቁራሽ ካልተረፋችሁ፣ ትከሻ ከየት ይተርፋችኋል ብዬ ተመለስሁ።»

እጁን ይዤ መለስሁት። ነገሩን ሲሰሙ ሰንበቴተኞቹ ሁሉ ዳቧቸውን ትተው ተነሡ። ቃሬዛውን እየተቀባበልን፣ ጭቃው እስከ ጉልበት እየዋጠን እናቱን ለቤተ ክርስቲያን አበቃናት፤ ፍትሐቱን የኔታ አደረሱ። ከቀብር በኋላ ሰውየው በነጠላዬ ውስጥ የረጠበችውን ቁራሽ ተቀበለኝ፤ ለሁለት ገምሶም ግማሹን ሰጠኝ። «አንተም እኮ አልቀመስህም» አለኝ። እዚያው ቆመን አብረን በላን።

ስንመለስ የኔታ፣ «ልጄ» አሉኝ፤ «ጌታ አምስቱን እንጀራ ሲያበረክት አሥራ ሁለት መሶብ የተረፈው ልኩን ስላላወቀ ይመስልሃል? ከሞት ያመለጠውንም ሰው ተረፈ ነው የምንለው። ያን ቃል ሰው ፊት ላይ በር አድርገህ አትዝጋው።»

ነጋዴ ያገኘውን ትርፍ ይላል፤ ረዳቱም ከወንበር ያለፈውን። ሁለቱንም አልነቅፍም። እኔ ግን በዚያ ሚኒባስ ውስጥ ጋቢዬን ሰብስቤ ለሴትዮዋ ተጠጋሁላት። የሕፃኑ እግር ጉልበቴ ላይ አረፈ፤ እናቱም «እግዜር ይስጥልኝ አባባ» አለችኝ።

ዛሬም በሰንበቴያችን መቁረሱ ለእኔ ሲደርስ ሰው አልቆጥርም። አስቀድሜ የእንግዳውን ቁራሽ አነሣለሁ፤ እኛ የምንካፈለው ከእርሱ የተረፈውን ነው።