እንደ ደንበኛ የምትታጠብ መኪና

የጺም ሳሙና ሽታ ሌላውን ሰው የአባቱን ጉንጭ ያስታውሰው ይሆናል፤ እኔን የሚያስታውሰኝ መኪና ነው። አባቴ ጸጉር አስተካካይ ነበር። በበጋው ወራት፣ አቧራ ከመንገዱ እየተነሣ ቅጠሉን ሁሉ በሚያለብስበት ጊዜ፣ ጥቁር ሰማያዊዋን የቤታችንን መኪና ከደጃፋችን ዛፍ ሥር አቁሞ በዚያው በሥራው ሳሙና ያጥባት ነበር። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ሽታው ከእርጥብ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ይገባል።

ፀሐይ ሳትወጣ ይጀምራል፤ የጋለ ቆርቆሮ ላይ ሳሙናው ቶሎ ደርቆ ነጠብጣብ ይተዋልና። በደረቅ ጨርቅ አቧራ መጥረግ በእርሱ ዘንድ ነውር ነው።

«ጺም በደረቁ ይላጫል እንዴ? አቧራ ማለት አሸዋ ነው፤ ይቧጭራታል!» ይላል።

መጀመሪያ ውሃ ያፈስባታል፤ ከዚያ ከጣሪያዋ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎማዎቿን መጨረሻ። ወፍ የጣለችባትን ኩስ አይፈገፍግም፤ እርጥብ ፎጣ ጣል አድርጎበት እስኪለሰልስ ድረስ ወደ ሌላው ጎኗ ይዞራል። ሲጨርስ ዐይኑን ጨፍኖ መዳፉን በገላዋ ላይ ያሳልፋል። ከዛፉ የተንጠባጠበች አንዲት የሙጫ ጠብታ እንኳ ብትቀር ጣቱ ያገኛታል። ስንት በጋ ያለፈባት መኪና ሰማዩን ከነደመናው ኮፈኖዋ ላይ ስታሳይ፣ እኔ ቆሜ ከማየት በቀር ሌላ አልችልም ነበር።

አናጢው ጎረቤታችን ባለፈ ቁጥር ሳይነካካው አያልፍም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሙሉውን ነው ወይስ ጎን ጎኑን ብቻ?»

«አንተ ይልቅ ራስህን አምጣ፤ የወፍ ጎጆ መስሏል!»

ሲቀልድ ቆይቶ ግን አናጢውም ልቡ ሸፈተ፤ ቀን ሲወጣለት ቁርጥ የኛን የመሰለች፣ ቀለሟም ያው የሆነች መኪና ገዛ።

በዚያ በጋ የአባቴ ዐይን እየደከመ መጣ። ሥራውን ትቶ ጸጉር ቤቱን ሲዘጋ «ጉልበቴ አልቆም አለኝ» ነበር ያለን፤ እናቴና እኔ ግን ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ከብርጭቆው አፍ ላይ እንደሚያደርግ አይተናል። ደፍረን የተናገርነው የለም። የምንፈራው እሑድን ነበር። እሑድ እሑድ እናቴን እኅቷ ዘንድ የሚያደርሳት እሱ ነው። መሪ ሲጨብጥ ዕድሜው ይራገፍለታል፤ ለማንም አይለቅም። እኔ መንጃ ፈቃዴን በቦርሳዬ ይዤ ከኋላ እቀመጣለሁ። እናቴ ከጎኑ ሆና «ሰው! ኧረ ሰው!» ትላለች።

«አየሁት፣ አየሁት፤ አንቺ ሴትዮ ጆሮዬን አታደንቁሪኝ!»

አንድ ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ። ወንድሜ ሚስቱን ሐኪም ቤት ለማድረስ ገና ሳይነጋ መኪናችንን ይዞ ወጥቶ ነበር። አናጢው ደግሞ በሩ ላይ ሳንቃ ስላራገፈ የራሱን መኪና ማታውኑ ከኛ ዛፍ ሥር አቁሟታል። አባቴ ይህን አላወቀም። ሻይ ይዤለት ስወጣ ባልዲውን አጠገቡ አድርጎ የአናጢውን መኪና ጣሪያና ኮፈኖ በአረፋ ሸፍኗል።

ልጠራው ስል እጁ ወደ ኋላው በር ደረሰ። በዚያ በር ላይ ሳንቃ የመታው ጎድጓዳ አለ፤ የኛ እንዲህ ያለ ነገር የለባትም። እጁ ቀጥ አለ። ተመለሰና እንደገና ዳሰሰው። አረፋው እየሟሸሸ በመስታወቱ ላይ እስኪወርድ ድረስ ቆመ። ትቶ ይገባል ብዬ ነበር። እሱ ግን ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነክሮ ቀጠለ። ያንን ጎድጓዳ በደንበኛ አገጭ ላይ እንዳለ ጠባሳ ዙሪያውን በቀስታ አጠበው። ስፖኪዮውን፣ የመብራቱን ጥግ፣ ጎማዋን፣ አንዱንም አላስቀረም። እንደዚያ ቀን አድርጎ ሲያጥብ አይቼው አላውቅም። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

አናጢው ወጥቶ ሲያይ በሳቅ ፈነዳ።

«ጋሼ! የኔን እኮ ነው ያጠቧት!»

የአባቴን ፊት ሲያይ ሳቁ ተቆረጠ።

«ዐውቄአለሁ» አለ አባቴ፤ «ግማሽ ፊቱን አረፋ ቀብቼ ያባረርኩት ደንበኛ የለኝም። በሯን ግን አሳምመሃታል፤ ሂድና ይቅርታ በላት።»

«እጅዎ ይባረክ፣ ጋሼ» አለ አናጢው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባቴ ገብቶ ታጠበና ከማዕዱ ጠረጴዛ ተቀመጠ። እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«የሰው መኪና አጠብኩ» አላት።

«ታዲያ ምን አለበት? ውሃው የኛ፣ ጽድቁም የኛ።»

«እስክነካት ድረስ አልለየኋትም።»

ቢላዋው ቆመ።

«መንገድ የሚሻገር ሰውን ግን ነክቼ ልለየው አልችልም» አለ።

የዚያን ያህል የከበደ ነገር ያን ያህል በቀላሉ ሲነገር ከዚያም በኋላ አልሰማሁም። የራሱን የመኪና ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠው።

«ነገ እናትሽን አንቺ ታደርሻታለሽ። ፍሬኑን ቀስ እያልሽ ያዢው፤ እሷ ድንጉጥ ናት።»

ቁልፉን ወደ እኔ ሳብኩት። እናቴ በቀሚሷ እጅጌ ዐይኗን ጠረገች፤ በሽንኩርቱ አሳበበች።

«አንተስ?» አለችው፤ «አንተስ የት ልትቀመጥ ነው?»

አባቴ ወንበሩን በቀስታ ወደ ጠረጴዛው መለሰ፤ «ከኋላ» ብሎ ባልዲውን ሊያነሣ ወጣ።