የጋሽ ላምቤቦ ድንጋይ

ይህ የሆነው አዲሱ መንግሥት ከገባ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ሆኖት፣ እኛ ግን ገና «አዲሱ» እያልን በምንጠራው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን መርሳት እየፈለግኩ አልረሳሁትም። አንድን ነገር በገዛ እጄ አሳምሬ ሠርቼ ሳበቃ፣ ሠርቻለሁ ብሎ ያላመነኝ እኔው ራሴ ነበርኩ።

ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢጎረብጥ አንባቢ ይቻለው፤ ማሳመር አልችልበትም። በዚያን ጊዜ የምተዳደረው ሲግናል ቆሜ ኮንትራት በምሠራባት ላዳ ታክሲ ነበር። እኔ ስገዛት አርጅታ ነው የገዛኋት። ቤቴ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። እዚያ ሠፈር ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ልጆቹ ኳስ ከሚጫወቱበት ጊዜ ይልቅ ኳሱን ፍለጋ ቁልቁል የሚሮጡበት ይበልጣል።

እንዲህ ባለ ሠፈር መኪና የሚቆመው በድንጋይ ነው። እጅ ፍሬን ያለውም የሌለውም ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስደግፋል። የእኔዋ እጅ ፍሬን ደግሞ ከገዛኋት ጀምሮ የሞተ ነበር።

ድንጋዩን የሚያስደግፉት ግን ጋሽ ላምቤቦ ነበሩ። ጋሽ ላምቤቦ ከእኔ ቤት ቀጥሎ፣ ታች በኩል ያሉ ጎረቤቴ ናቸው። ከሆሳዕና ወዲያ የመጡ፣ በአንድ የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ወንበር የሚደረድሩና ግቢ የሚጠብቁ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው።

መኪናዋን በገዛሁ በሦስተኛው ሳምንት ድንጋይ ሳላስደግፍ ምሳ ልበላ ገባሁ። ላዳዋ ብቻዋን ቁልቁል ሄዳ በኋላዋ የጋሽ ላምቤቦ ማድቤት ገባች። ደግነቱ ሰው አልነበረም፤ የሞተው አንድ ድስት ሽሮ ብቻ ነው። እኔ ይቅርታ አልጠየቅኩም። ግድግዳው ወደ መንገዱ ወጥቷል ብዬ ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩ። እሳቸው አልተከራከሩኝም። ግድግዳውን ራሳቸው አቁመው፣ ራሳቸው መርገው ሲጨርሱ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ከየትም አምጥተው በራቸው ላይ አስቀመጡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የላዳዋን ድምፅ ሲሰሙ ይወጣሉ። ሞተር ሳጠፋ ድንጋዩን ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጡና እጃቸውን አራግፈው፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው «ወንድም ግዛው፣ እንኳን በሰላም ገባህ» ይሉኛል። ዝናብ ሲሆን በጃንጥላ ይወጣሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። እኔም ሰባት ዓመት ሙሉ «ወንድምዎ አይደለሁም» እያልኩ በሆዴ፣ ሳልመልስ እገባለሁ።

ወደ ነገሩ ልግባ። በፊት በፊት የዓመቱን ቦሎ ልንወስድ ስንሄድ መርማሪዎቹ ፓውዛና ክላክስ አይተው ይለቁን ነበር። ያን ዓመት እጅ ፍሬን መፈተሽ ጀመሩ። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት አጭር ዳገት አለች። እሷ ላይ ትወጣለህ፣ ሞተር ታጠፋለህ፣ እጅ ፍሬን ስበህ ትቆማለህ። እኔ ሳብኩና እንደማይዝ እያወቅኩ ጸለይኩ። ላዳዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ከኋላዬ የነበረውን ሚኒባስ ልትስመው ስትል በእግሬ ያዝኳት።

መርማሪው ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ምንም ሳይናገር ጽፎ ወረቀት ሰጠኝ። አነበብኩት። ማንበብ የተማርኩት ለእንዲህ ዓይነቱ ወረቀት መሆኑ ያኔ ገባኝ። እጅ ፍሬን አይሠራም፤ የፍሬን መብራት አይበራም፤ በአሥር ቀን ውስጥ ተስተካክሎ ይቅረብ። ካልቀረበ ቦሎ የለም። ቦሎ ከሌለ ትራፊክ ሰሌዳህን ፈትቶ ይወስዳል። ሰሌዳ የሌለው ሲግናል አይቆምም፤ እኔ ሲግናል ካልቆምኩ ደግሞ ቤቴ ምጣድ አይጣድም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ጋራዥ አልወስዳትም አልኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ወስጃት ሁለቱንም ጊዜ የታመመው ቀርቶ ደህነኛው ተነቅሎ ነው የመጣችው። አሮጌ ዕቃ ተራ ሄጄ የእጅ ፍሬኑን የሽቦ ገመድና የፍሬን ሸራ ፈልጌ አገኘሁ። ቅዳሜ ጠዋት በራፌ ላይ በክሪክ አንስቼ፣ የኋላ ጎማዎቿን ፈትቼ ከሥሯ ገባሁ።

አሮጌው ገመድ ዝጎ ከመሄጃው ጋር አንድ ሆኗል። ስጎትተው እጄን ላጠኝ። ከተሰደቡት ውስጥ መኪናዋ፣ መርማሪው፣ ዳገቱና ሠፈሩን የቆረቆረው ሰው ይገኙበታል። ባለቤቴ አስካለ «ተኝተህ ከምትሳደብ ተነሥተህ ብትሳደብ ምናለ፤ ጀርባህ ይታመማል» ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

እዚያው ተኝቼ ሳለሁ ሁለት እግር በጎማው በኩል መጥቶ ቆመ።

«ወንድም ግዛው፣ ላግዝህ?»

«መኪና ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ሌላ አላውቅም። ይቺን ግን አውቃታለሁ፤ ቤቴ ገብታ ታውቃለች።»

ፒንሳ አቀብሉኝ አልኳቸው።

ገመዱን ቀየርን፣ ሸራውን አሠርን፣ ጎማውን መለስን። ቀጥሎ መብራቱ ነበር። ሽቦው የት ጋ እንደሚላቀቅ ስላላወቅን፣ እኔ ፍሬን እየረገጥኩ እሳቸው ከኋላ ቆመው እንዲነግሩኝ ተስማማን። እረግጣለሁ፤ «አልበራም» ይላሉ። ወርጄ ሽቦ ነካክቼ እመለሳለሁ፤ «አልበራም»። በመጨረሻ «በራ» አሉ። እግሬን ሳነሣ «ጠፋ» አሉ። እንዳይከዳን ብለን ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገምነው። በራ፣ ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ። ሽማግሌው ነገሩ ጥሟቸው ኋላ ላይ እንደ አሜን በዜማ ነበር የሚሉት።

ከዚያ እጅ ፍሬኑን ሳብኩና ሁለታችንም ከላይ ሆነን ቁልቁል ገፋናት። ንቅንቅ አላለችም። እኔ ግን ደስ አላለኝም፤ ጠረጠርኳት። ዕቃዬን ሰብስቤ ስዞር ጋሽ ላምቤቦ ድንጋዩን ሲሸጉጡ አየሁ።

«ምነው፣ ይዟል አላልንም እንዴ?»

«ይዟል» አሉ። «ይሄ ለልማዱ ነው።»

ሰኞ ልሄድ ስል ጋሽ ላምቤቦ ይምጡ አልኳቸው። ለክብራቸው አይደለም። ሰልፍ ላይ ሞተሩ ቢጠፋብኝ የሚገፋ ሰው ስለሚያስፈልገኝ ነው። ድንጋዩን ከጎማው ሥር አንሥተው፣ ይዘውት ከኋላ ገቡና በእግራቸው መካከል አስቀመጡት። አየሁ። ነገር ግን ሰባት ዓመት ያየሁት ድንጋይ ስለሆነ ያየሁትም አልመሰለኝ።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ደረሰን። ያው ወጣት ነው። ፓውዛ አለ፤ በራ። ፍሬቻ አለ፤ ሠራ። ከኋላ ሄዶ ፍሬን ርገጥ አለ፤ ረገጥኩ፤ በራ። ወደ ዳገቷ ውጣ አለ። ወጣሁ። እጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳብኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ እግሬን አነሣሁ።

ላዳዋ ቆመች። በሕይወቷ እንዲህ ቆማ አታውቅም። መርማሪው አየ፣ ቆየ፣ እስኪርብቶውን ወደ ወረቀቱ አስጠጋ።

ያኔ የኋላው በር ተከፈተ።

ጋሽ ላምቤቦ ወረዱ። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ታቅፈው ዞሩና ከኋላ ጎማ ሥር ሸጎጡት። በእግራቸው መታ መታ አድርገው አጠበቁት። እጃቸውን አራገፉ። ወደ እኔ መስኮት መጥተው ጎንበስ አሉና «ወንድም ግዛው፣ እንኳን በሰላም ገባህ» አሉኝ።

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ከኋላችን የነበረው የሚኒባስ ወያላ «አባባ፣ ለእኛም አንድ ያስደግፉልን» አለ። ጋሽ ላምቤቦ ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ። የት እንዳሉ የገባቸው ያኔ ነው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ መርማሪው።

«ድንጋይ ነው» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

እኔን ትቶ ወደ እሳቸው ዞረ። «አባት፣ ለምን አስደገፉት?»

የእኚህ ሰውዬ ክፋታቸው አይዋሹም። «ሰባት ዓመት እንዲህ ነው የማደርገው» አሉ። «እጅ ፍሬኑ አይዝም።»

«ኧረ ይዟል» አልኩ።

«አዎ፣ ይዟል። ቅዳሜ ሠርተነዋል» አሉ።

«ይይዛል ወይስ አይዝም?»

«ይይዛል። ድንጋዩ ለልማዱ ነው።»

መርማሪው እስኪርብቶውን ኪሱ ከተተ። «በልማድ ለሚቆም መኪና ቦሎ አንሰጥም» አለ።

ልጄ የሚሆነውን ሰው አንቱ አልኩት። ቦሎ እንዲህ ያደርጋል። «እባክዎ፣ ድንጋዩን ያንሡትና ይዩ» አልኩት። ወያላውን ሳይቀር ምስክር ቆጠርኩ። በመጨረሻ መርማሪው ድንጋዩን በጫማው ገፍቶ አወጣው።

ያን ጊዜ ጋሽ ላምቤቦ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ፣ ከላዳዋ ኋላ ሄደው ቆሙ። ለላዳዋ የሰጧት ጀርባቸውን ሳይሆን ፊታቸውን ነው፤ ጉልበታቸው መከላከያዋን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«አባት፣ ከዚያ ይውጡ» አለ መርማሪው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁበት» አሉ። «የምታምነኝ እዚህ ከቆምኩ ነው።»

እኔ በመስተዋት አየኋቸው። ገመዱን ያሠርኩት እኔ ነኝ፣ ሸራውን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ገፍቼ የሞከርኳትም እኔ ነኝ። ነገር ግን ማድቤቱ ትዝ አለኝ። ድስቱ ትዝ አለኝ። ማንም ሳያየኝ ቀኝ እግሬን ቀስ አድርጌ ፍሬኑ ላይ አሳረፍኩ።

«በራ» አሉ ጋሽ ላምቤቦ ከኋላ፣ በዜማ።

መርማሪው ወደ መስኮቴ መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ጋሼ፣ እግርዎን ያንሡ» አለኝ።

«መጀመሪያ እሳቸው ይነሡ።»

«ራስዎ የሠሩትን ራስዎ አያምኑትም?»

እግሬን ከፍሬኑ አላነሣሁም። የሚሳቅበት ሰው መሆን ለምጃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የሚስቅ አልነበረም።

«ወንድም ግዛው» አሉ ጋሽ ላምቤቦ። «አንሣ። ደህና አድርገህ ሠርተሃታል። ቆሜ አይቻለሁ።»

በዚህ ዕድሜዬ የሠራሁትን አይቶ ደህና ሠራህ ያለኝ ሰው መኖሩን አላስታውስም። ምናልባት ኖሮ ይሆናል፤ እኔ ስድብ ነው የማስታውሰው። እግሬን እባብ ላይ እንዳለ ሰው ቀስ አድርጌ አነሣሁ። ላዳዋ ቋ አለች። አንድ ጣት ያህል ወደ ኋላ ሄደች። ትንፋሼ ቆመ። እሷም ቆመች።

«ጠፋ» አሉ ጋሽ ላምቤቦ።

መርማሪው ፈረመ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ «አልፈዋል። ድንጋይዎን ግን ይዘው ይውጡ፤ ለእኛ ግቢ የራሱ ድንጋይ ይበቃዋል» አለኝ።

ተመልሰን መገናኛ ደረስን። ቦሎዋ መስተዋቱ ላይ ተለጥፋለች። ድንጋዩ ያው ቦታው ነው።

«ያ ማድቤት...» አልኩ።

«የቱ?»

«ግድግዳው ወደ መንገድ አልወጣም ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ። ወደ ውጭ እያዩ ነበር።

ሠፈር ደርሰን እጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ሞተር አጠፋሁ። ጋሽ ላምቤቦ ወረዱ፣ ድንጋዩን በራቸው ላይ አስቀመጡና ቤታቸው ገቡ። አላስደገፉም። አምነውኛል ማለት ነው። እኔ ግን ከመኪናው መውረድ አቃተኝ። የማድቤቱን ግድግዳ አየሁ። ከዚያ ክላክስ ነፋሁ።

ወጡ። «ምነው ወንድም ግዛው?»

«ድንጋዩ» አልኩ።

«ይዟል እኮ።»

«ይዟል። ለልማዱ ነው።»

ሸጎጡት፣ መታ መታ አደረጉት፣ እጃቸውን አራገፉ። እንኳን በሰላም ገባህ አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ «እንኳን በሰላም ቆዩኝ» አልኳቸው። አስካለ ከበሩ ሰምታ አሞህ ነው እንዴ ብላኛለች።

ቦሎው ዓመቱን ጨረሰ፤ እጅ ፍሬኑ አራት ወርም አልቆየ። ላዳዋን ከሸጥኳት ቆይቷል። ጋሽ ላምቤቦም ልጃቸው ዘንድ ኮተቤ ገብተዋል፤ እዚያ ሜዳ ነው፣ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። ሲሄዱ ድንጋዩን በእኔ በር ላይ ትተውልኝ ሄዱ። አሁን የማስደግፈው መኪና የለኝም። መንገዱን የሚያነጥፉ ሰዎች ሊያነሡት መጥተው ነበር። ሰድቤ መለስኳቸው።