ቀምሼዋለሁ ያልኩት ጌሾ

ልጄ ሰላም ሰሞኑን ቤት ውስጥ ቢራ ካልጠመቅኩ ብላ ማድቤቱን ወርራዋለች። ትናንት ስልኳ ላይ ሒሳብ ስትሠራ ቆየችና ተበሳጨች። ሆፕ የሚሉትን አበባ፣ የፈረንጅ ጌሾ ገዝታ፣ ፓኬቱ ላይ ያለው የምሬቱ ቁጥር በውኃ ጠፍቶባታል። «አባዬ፣ የአበባው ምሬት ስንት እንደሆነ ካላወቅኩ ግራሙ ብቻውን ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ ጠፋ። ይኼንኑ ነገር ድሮ መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የነገሩኝ ሴት ትዝ አሉኝ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፣ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። የተከራየሁት እትዬ አሰገደች ግቢ ነበር። አቤት የእሳቸው ጠላ! በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ የተቆላው ገብስ ሽታ ገና በሩ ላይ ይቀበለኛል። ምሬቱ ምላስ ላይ ትንሽ ይቆይና በጨዋ ደንብ ይሄዳል። አገር ያወቃቸው በዚህ ነበር።

ባላቸው በሞቱ በመጀመሪያው ዓመት የማኅበር ተራቸው ደረሰ። የመንዝ ብርድ ለጌሾ አይመችም፤ ከመርሐቤቴ ቆላ በአህያ ተጭኖ ነው የሚመጣው። እትዬ አሰገደች ብቅሉን አዘጋጅተው፣ አዲስ ጌሾ ገዝተው፣ ሊጠነስሱ ሲሉ ብርድ መታቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። ጎረቤት ይጥመቅልዎ ቢባሉ እምቢ አሉ።

«ባሏ ሲሞት ቤቷ ጎደለ ሊሉኝ ነው? እዚሁ ቤቴ ይጠመቃል!»

እኔ ጉረኛው ተነሣሁ። «እርስዎ መጠኑን ብቻ ይንገሩኝ፤ ይኼ የሒሳብ ጉዳይ ነው» አልኳቸው።

«ባለፈው ለአንድ ጋን ሁለት ጣሳ ነበር። ግን እሱ የከረመ ጌሾ ነው። አዲሱን አኝከህ ቅመሰው፤ ከበረታ ቀንስ። የእኔ አፍ እንደሆነ በበሽታው ሬት ሆኗል፣ ሁሉም ይመረኛል።»

ጣሳውን ሞልቼ አፉን በማስመሪያ አስተካከልኩ። ሁለት ጣሳ፣ አንድ ቅጠል ሳይበልጥ ሳያንስ። ማኘኩ ግን የፍየል ሥራ መሰለኝ። ቁጥር የሚያውቅ ወጣት ምን የማያውቀው ነገር አለ!

«ቀመስከው ልጄ?» አሉኝ ከአልጋቸው።

«ቀምሼዋለሁ እትዬ፣ ደህና ነው።»

የማኅበሩ ዕለት ቄሱ ባርከው ጎንጨት አሉና ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ሌሎቹም እንዲሁ። ማንም ክፉ አልተናገረም፤ ዳቦውን ብቻ ይበላሉ። እኔ ማንቆርቆሪያ ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። የሚያስሞላ የለም። በመጨረሻ አንዲት ሴት አላስቻላትም።

«አሰጉ፣ ይኼን ደግሞ ማን ጠመቀልሽ?»

እትዬ አሰገደች ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ወደ እኔ አላዩም።

«እኔው ነኝ እንጂ ማን ይጠምቅልኛል? በሽታው አዘናግቶኝ ጌሾውን አበዛሁት። ይቅር በሉኝ።»

«የለም፣ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ አፈርኩ። አገር ያወቀላቸውን ሙያ ለእኔ ሲሉ ሲጥሉት ቆሜ አየሁ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ብርጭቆ ሳጥብ ጠሩኝ። «አይዞህ፣ በሰው አገር ሰው እንዲስቅብህ አልፈልግም። አንተማ ቀምሰሃል፤ ምላስህ ጌሾ ባያውቅ ምን ታደርግ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ሳልነግራቸው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። እሳቸውም ከዓመታት በኋላ ዐረፉ።

ሰላም አሁንም ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። ከፓኬቱ አንድ አበባ አወጣሁና አኘክሁት። ወይ ጉድ! ምሬቱ ጆሮዬ ሥር ድረስ ገባ።

«በርትቷል፤ ካሰብሽው ቀንሺ» አልኳት።

«ገምተህ ነው ወይስ ቀምሰኸው?»

«ቀምሼዋለሁ።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጄ ምሬቱ መስሏት ውኃ ልታመጣልኝ ሮጠች።