አዲስ ዘይት ሞልቼ ከሶዶ እስከ ገሱባ

ሐሙስ፣ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት፣ ሶዶ

ሳይነጋ ወጣሁ። ትናንት በመጨረሻው መኪና ከገሱባ የመጣ ሰው፣ «እህትህ ማርታ ሆዷ ተነፍቶ ተኝታለች። ውሃ እንኳ አይረጋላትም። መኪናህን ይዘህ ድረስ» አለኝ። ላመጣትና እዚሁ ሶዶ ሆስፒታል ላደርሳት ነው።

ጂፔ አሮጌ ናት። ኢሕአዴግ ሲገባም አዲስ አልነበረችም። እስካለፈው ሰኞ ድረስ ከወፍራሙ ቁጥር አርባ ሌላ ዘይት አልቀመሰችም። ታጨሳለች፣ ትጮኻለች፣ በብርድ አልነሳም ትላለች። ጋራዥ ውስጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሹፌር፣ «አባባ፣ ይቺ መኪና እኮ ታስላለች፤ ሐኪም ያሳዩዋት» ብሎ በሰው ፊት ሳቀብኝ። የእሱ መኪና ሲንተቲክ የሚሉትን አዲሱን ቀጭን ዘይት ነው የምትጠጣው፣ ድምፅም የላትም። እልህ ያዘኝ። ሄጄ ገዛሁ። የድሮውን ዘይት አራት እጥፍ ነው ዋጋው።

መካኒኩ ሳሙኤል ጀሪካኑን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ፣ ይቅርብዎት። ይቺ ሞተር በቆሻሻዋ ነው የቆመችው። ዘይት የሚይዙት ላስቲኮች አርጅተዋል፤ ስንጥቁን የደፈነው የስንት ዓመት ዝቃጭ ነው። ይሄ ዘይት ያጥበዋል፣ ከዚያ ታፈሳለች። መጀመሪያ ላስቲኮቹን እንቀይር።»

«አንተ ሳትወለድ ነው መሪ የጨበጥኩት። ሙላ!»

«እሺ፣ እሞላለሁ። ግን ለሳምንት ከከተማ አይውጡ። ጠዋት ጠዋት የዘይቱን መለኪያ ዘንግ እያወጡ ይዩ።»

ሞላ። አንዴ ቁልፉን ባዞር ተነሳች። ድምፅዋ እንደ ድመት ለሰለሰ። ማክሰኞና ረቡዕ መለኪያዋን አየሁ፣ ሙሉ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን አላየሁም። ቸኩዬ ነው ልል እችላለሁ። እውነቱን ልጻፍ። ያንን መለኪያ ባወጣ ሳሙኤል የረታኝ መሰለኝ። ግቢው ውስጥ ግን ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

በጋ ነው። መንገዱ ድንጋይና አቧራ፣ ግራ ቀኙ እንሰት። አቧራው የእንሰቱን ቅጠል አመድ አልብሶታል። የገበያ ቀን ስላልሆነ መኪና የለም። አንድ አህያ የጫነ ሰው ብቻ አለፍኩ። አስቀድሞ ዞር አላለም፤ የሰማኝ አጠገቡ ስደርስ ነው።

ዘይት ሲጎድል የሚበራው የጂፗ መብራት ከሞተ ቆይቷል። እኔ የምነዳት በጆሮዬ ነው። ወፍራሙ ዘይት ሲጎድልባት ቀድማ ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ ቆሜ እጨምርላታለሁ፤ እንቀጥላለን። እንዲህ ነበር የኖርነው። ዛሬ ምንም አትልም። ዝምታዋ ደስ አለኝ። ብቻዬን ፈገግ ብያለሁ።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ገሱባ

የማርታ ቤት ከከተማው መግቢያ፣ መንገድ ዳር ነው። ደጇ ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር አቆምኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ቆሟል፤ ጂፔ እንዴት ጸጥ እንዳለች ይስሙልኝ ብዬ ነው። በዚያ ሰዓት ይህን አሰብኩ።

ማርታ ፊቷ ጠቁሮ፣ ከንፈሯ ደርቆ ተኝታለች። «ኢሻ» አለችኝ። በወላይትኛ ወንድም ማለት ነው። «ዛሬ አልሰማሁህም። ሌላ ጊዜ መኪናህ ከወንዙ ማዶ ስትጮህ ሰምቼ ጎደሬ እጥድልህ ነበር።»

«መኪናዬ ጨዋ ሆናለች» አልኳት። ልትስቅ ፈልጋ ሆዷን ያዘች።

ከጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ወረቀት ሰጠችኝ። «አንጀቷ ሳይጠማዘዝ አልቀረም፣ አባባ። ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት። ከቀትር በፊት ያድርሷት። ከዚያ በኋላ እኔ እንጃ።»

ይህን ስትል በቆሎ የጫነ አይሱዙ ቆመ። ሹፌሩ ጎረምሳ ነው። አንገቱን አውጥቶ ጠየቀና፣

«አባባ፣ ወደ ሶዶ ነኝ። ጋቢናው ባዶ ነው፣ አስተኝተን እንውሰዳት» አለ።

«መኪና አላት።»

«ይቺን ነው? ይቺማ ራሷ ደጋፊ ትፈልጋለች!» ሰው ሳቀ።

«እህቴ እኔ እያለሁ በሰው ጋቢና አትሄድም። ሂድ፣ መንገድ ላይ አልፍሃለሁ።»

የማርታ ባል አቶ አንጁሎ ክንዴን ያዝ አደረገ። «ወንድሜ፣ ጋቢናው ይሻላት ይሆን? አይንጣትም።»

«እኔን አታምነኝም?»

አንጁሎ ክንዴን ለቀቀ። በቤተሰቡ ታላቅ እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ የሚስት ታላቅ ወንድም ከተናገረ ባል አይመልስም። አይሱዙው ሄደ።

ሦስት ሰዓት፣ አቀበቱ ላይ

ማርታ ከኋላ፣ ራሷ በአንጁሎ ጭን ላይ ነው። በሁለተኛ ማርሽ አቀበቱን ያዝኩ። ግማሽ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ቀጥሎ አንዴ ቀጭ አለች። ያቺን ድምፅ አውቃታለሁ። እግሬን ከነዳጁ ሳላነሳ ሞተሩ ጮኾ ነከሰ። ብረት ከብረት ተያያዘ። ጎማዎቹ ተጎትተው ቆሙ።

ወርጄ መለኪያውን አወጣሁ። ደረቅ ነው። ጫፉ ላይ ጠብታ እንኳ የለም። ከሥር የጂፗ ሆድ በሙሉ ጥቁር ሆኗል፤ ዘይቱ ዝቃጩን አጥቦ አውጥቶ፣ በከፈተው ስንጥቅ ራሱም ወጥቷል። ሲንተቲክ ዘይት መጥፎ ነው አልልም። ሳሙኤልም አላለም። ላስቲኩን ቀይር፣ መለኪያውን እይ ነው ያለኝ።

«ምን ሆነ?» አለ አንጁሎ።

«ዘይት አለቀ።»

«ስትነሳ አላየህም?»

መለኪያውን መልሼ ሰካሁት።

ሌላ መኪና ጠበቅን። አልመጣም። ከማሳ ሰዎች መጡ። ማን ናችሁ፣ ከየት ናችሁ ያለን የለም። ቀርከሃ ቆርጠው፣ የጂፗን ሸራ ፈትተው ቃሬዛ ሠሩ። ስምንት ሆነው ወደ ሶዶ አቅጣጫ ተሸከሟት። አራቱ ሲደክማቸው አራቱ ይቀበላሉ። እኔም ትከሻዬን ላስገባ ስል አንዱ፣ «አባ፣ እርስዎ ያዘገዩናል፤ ከኋላ ይከተሉን» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያለኝን ሰማሁ።

ማርታ አንዴ ዓይኗን ገልጣ ሰማዩን አየች። «ኢሻ፣ ደረስን?»

«ደርሰናል» አልኳት።

ስድስት ሰዓት ግድም

ከፊት የያዘው ሰው ቆመ። ሌሎቹም ቆሙ። አንጁሎ ነጠላዋን ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ፊቷን ሸፈነው። አላለቀሰም። ወደ እኔም አልዞረም።

«ጋቢናው ሰፊ ነበር» አለ።

 ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ወደ ገሱባ አዞሩት።

ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ገሱባ በእግር

ጂፗ ጋ ስንደርስ አንድ ሰው በሩን ዘጋልኝ። ቁልፉን አልነቀልኩም። ቁልቁለቱን ከኋላ ሆኜ ወረድኩ። ቀና ብዬ ቃሬዛውን ማየት ስላቃተኝ መሬት መሬት አያለሁ። አቧራው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። መጀመሪያ አልገባኝም፤ የጂፔ ዘይት ነው። ጠብ፣ አንድ እርምጃ፣ ጠብ። አቀበቱ አጠገብ ተራርቋል፤ ወደ ገሱባ በቀረብን ቁጥር ይወፍራል፣ ይቀራረባል። መንገዱን እሱ መራኝ። ሲያልቅ ቀና አልኩ፤ የማርታ ደጅ ነው።

ከአቮካዶው ሥር፣ ጠዋት ሞተሩን ሳላጠፋ ያቆምኩበት ቦታ ላይ ምጣድ የሚያህል ጥቁር ክብ ተኝቷል። ጎንበስ ብል አየው ነበር።

ሴቶቹ ቃሬዛውን አይተው ጮኹ። ሰው ወደ ግቢው መትመም ጀመረ። ከማርታ ምድጃ በእጄ አመድ እየዘገንኩ ክቡን ሸፈንኩት። አንድ ጎረቤት ምን እንደማደርግ ቢጠይቀኝ፣ «ለቀስተኛ እንዳያዳልጠው» አልኩት። ሰውየው አመድ እያመጣ አገዘኝ። ጨርሰን ቆምን። ጥቂት ቆይቶ ዘይቱ በአመዱ ውስጥ ሰርጎ ወጣ፤ እንደገና ጠቆረ።