ስስ ሽፋን ለፋጡማ እግር

ከለገሃር እስከ አዋሽ

ወደ ድሬዳዋ የሄድኩት ላስተምር ነው ብል ጉራ ይመስልብኛል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ ቀን አለቃዬ ጠሩኝና፣ «ድሬዳዋ አንዲት ሴት ሁለት እግሯ በፈላ ዘይት ተቃጥሏል። ፋሻው በተቀየረ ቁጥር ቁስሉ አብሮ ይላጣል። ያንን ሽፋን መግፈፍ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ሂድና አሳያቸው» አሉኝ። በማግስቱ ማለዳ መቀሶቼንና ብልቃጦቼን በትንሽ ሣጥን ይዤ ባቡር ላይ ወጣሁ።

«ሽፋን» ያሉት፣ ሕፃን ማህፀን ውስጥ ሳለ የእንሽርት ውሃውን አቅፎ የሚይዘውን፣ ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚወጣውን ስስ ነገር ነው። የሽንኩርት ገለፈት ያህል ይሳሳል። ቁስል ላይ ሲለጠፍ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ከሥሩ አዲስ ቆዳ እስኪበቅልም ቁስሉን ይጠብቃል። ከአዲስ አበባ ይዤው እንዳልሄድ የበረሃው ሙቀት ያበላሸዋል። ስለዚህ እዚያው ድሬዳዋ ከምትወልድ እናት ማግኘት ነበረብኝ፤ ይህም የሚቸግር አልመሰለኝም።

ናዝሬትን አልፈን የመተሐራን ጥቁር ድንጋይ ስናቋርጥ ካፖርቴን አወለቅሁ። አዋሽ ስንደርስ ሸሚዜም ከበደኝ። ባቡሩ ቆሞ ጥብስና ዳቦ በልተን ስንመለስ ታጣቂዎች ገብተው መታወቂያ ይጠይቁ ጀመር። ከጎኔ የተቀመጡ የጨርቅ ነጋዴ ሴትዮ የተከፈተ ሣጥኔን አይተው፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ ስለት ለምንድን ነው?» አሉኝ። ጠያቂ ካገኘሁ ደግሞ እኔን ማን ያቆመኛል!

«ሰውነታችንም እንዲህ ያሉ ጠባቂዎች አሉት» አልኳቸው ወደ ታጣቂዎቹ በአገጬ እያመለከትኩ። «የሌላ ሰው ቆዳ ቢለጠፍብዎት መታወቂያውን አይተው ባዕድ ነው ብለው ይዋጉታል። ይህን ሽፋን ግን ዝም ይሉታል። እያንዳንዱ ሕዋስ የመላ አካሉን ትእዛዝ በጂኖቹ ይዟል፤ ሁሉንም ግን አይጠቀምበትም። የቆዳው የቆዳን፣ የጉበቱ የጉበትን ይሠራል። የዚህ ሽፋን ሕዋሶች ‹እኔ የእገሌ ነኝ› የሚያሰኘውን ጂን አብዝተው አያሠሩትም። ከሥር ባለው ለስላሳ ንጣፍ ውስጥ ያሉት ሕዋሶች ደግሞ ጠባቂዎቹን ሳያባብሉ አይቀሩም የሚሉ ሐኪሞች አሉ።»

ሴትዮዋ ታጣቂው እስኪያልፍ ጠብቀው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የኮንትሮባንድ ጨርቄን ጭኜ ስመለስ እንዲህ ያለ ሽፋን ቢኖረኝማ!» እስከ ሜኤሶ ስንስቅ ሄድን።

ድሬዳዋ

ከዚራ ሰፈር ካለው ጣቢያ ስንወርድ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ሙቀቱ ግን ሥራውን አልጨረሰም። የጋሪው ባለቤት ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሐብሐብ እየገመጠ ጠበቀኝና ወደ ሆስፒታሉ ወሰደኝ። ዶክተር ይልማ የተባለው ወጣት የቀዶ ጥገና ሐኪም ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ ታማሚዋ አስገባኝ።

ፋጡማ ትባላለች። ጣቢያው ፊት ለፊት ሳንቡሳ ትጠብሳለች። የዘይት ድስቱ ተገልብጦ ከጉልበቷ በታች ሁለቱንም እግሯን ጠብሷታል። ባሏ ሞቷል፤ ትንሹን ልጇን አብዲንና እናቷን የምታሳድረው በዚያ ድስት ነው። እናቷ አዮ ሐሊማ ናቸው፤ «አዮ» በዚያ አገር የእናት ማዕረግ ነው። አልጋው አጠገብ በማራገቢያ ዝንብ እየከለከሉ፣ «አንተ ነህ የሸገሩ? ዘገየህ እኮ አቦ!» አሉኝ። ድሬ አንቱታ አይወድም፤ እኔም ወደድኩት።

ችግሩ የጀመረው በማግስቱ ነው። በማዋለጃው ክፍል በር ላይ ዘመድ ሁሉ ክዳን ያለው ዕቃ ይዞ ይጠብቃል። ልጁ እንደተወለደ እንግዴ ልጁን ተቀብሎ ግቢው ውስጥ በክብር ይቀብረዋል። ከጀልዴሳ የመጣ አንድ አባት ስለምነው እጁን አወናጨፈ።

«ተወኝ አቦ! ይሄ የልጄ ወንድም ነው። ወንድሙን ለፋሻ ልስጥህ?»

ሌሎቹም እንዲሁ መለሱልኝ። እኔ ለሥጋ ጠባቂዎች የሚሆን ብልሃት ይዤ መጥቼ በር ላይ በቆሙት ተረታሁ። ፋሻ በሚቀየርበት ሰዓት ፋጡማ ስትጮህ እስከ ግቢው ይሰማ ነበር፤ እኔም እንዳልሰማ ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ እወርዳለሁ። በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ ግንባሯን ዳሶ ወደ ውጭ ጠራኝ። «ትኩሳቷ ጨምሯል። ቁስሉ በቶሎ ካልተሸፈነ የምናጣው እግሯን ብቻ አይደለም» አለኝ። ፈራሁ።

እማማ በላይነሽ

በዚያው ጠዋት የባቡር መካኒክ ሚስት የሆነችው አስቴር ሴት ልጅ ወለደች። አማቷ እማማ በላይነሽ ሰማያዊ ባለ ክዳን ባልዲ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። የፋጡማ ጩኸት ድንገት ሲሰማ ባልዲውን መሬት አስቀመጡት።

«ምን እያደረጋችኋት ነው ይቺን ልጅ?»

ነገርኳቸው። የሳንቡሳዋ ፋጡማ መሆኗን ሲሰሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ልጄ ከሥራ ሲወጣ የሚበላው የእሷን አይደል እንዴ! ቆይ፣ የምትወስደው ስሱን ብቻ ነው?»

«ስሱን ብቻ። ሌላው ወደ ባልዲዎት ይመለሳል።»

«እንዲያ በለኝ እንጂ! አስቴርን እኔው ጠይቄያት እመጣለሁ።»

አስቴር እሺ አለች። ደሟን መርምሬ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። ሽፋኑን ገፍፌ፣ በጨው ውሃ አጥቤ ሳበቃ ግን አዮ ሐሊማ የልጃቸው አልጋ ፊት ቆመው አላሳልፍ አሉ።

«አንድ ጡት የጠቡ እህትና ወንድም ይሆናሉ፤ አይጋቡም» አሉ። «የዚያች ሕፃን ሥጋ ልጄ ላይ ከተኛ፣ አብዲ ወንድሟ ሊሆን ነው? ሳላውቅ አይነካትም።»

ዶክተሩ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ጣሪያው። ሽፋኑ ሥራውን ሲጨርስ ደርቆ እንደሚወድቅ ብናስረዳም አልሰሙንም። እማማ በላይነሽ ግን ከኋላዬ ገፋ አድርገውኝ ገቡ።

«ስሚኝ ሐሊማ። አብዲን ለልጅ ልጄ ትድሪያለሽ?»

«ወላሂ አልድርም! ክርስቲያን እኮ ናት።»

«እኔም አልሰጥሽም። ታዲያ እህትና ወንድም ቢሆኑ ምን ቀረብን?»

አዮ ሐሊማ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ፤ ፋጡማም በትኩሳቷ መሐል ሳቀች። «እሱስ እውነት ነው» ብለው ከአልጋው ፊት ዞር አሉልኝ።

ሽፋኑ ለቀኝ እግሯ ብቻ በቃ። ከሥሩ የገባውን አየር በጣቴ እየገፋሁ ስለጥፈው ፋጡማ ዓይኗን ጨፍና ጥርሷን ነክሳ ነበር። ጨርሼ ስነሳ ዓይኗን ገለጠች።

«ቀዘቀዘኝ» አለች። «ቀኙ ዝም አለ እኮ! ግራው ነው የሚጮኸው።»

ዘመድ ሲበዛ

ወሬ በድሬ ከባቡር ይፈጥናል። ቀሪው በባልዲው ተመልሶ በክብር መቀበሩን ሰው ሰማ። ከመጋላ አንዲት እናት፣ ከመልካ ጀብዱ ሌላዋ፣ «ለፋጡማ ከሆነማ» እያሉ ሰጡን። ያ የጀልዴሳው አባት እንኳ ሚስቱን ሊያወጣ ሲመጣ፣ «ከዘመድነቱ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ?» ብሎ ተቆጨ። የግራ እግሯም ተሸፈነ። ትኩሳቷ ወረደ፤ ቀንም እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ለአዋላጆቹና ለዶክተር ይልማ መግፈፉን አሳየኋቸው፤ እጃቸው ከእጄ የቀለለ ሆኖ አገኘሁት።

ሽፋኑ እየደረቀ በራሱ ሲረግፍ ከሥሩ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ የቀላ ቆዳ ብቅ አለ። ዶክተሩ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እጁን አጨበጨበ። እኔም እንባዬ መጣ፤ ሙቀቱ ነው ብዬ አሳበብኩ። ከመመለሴ በፊት በነበረው ጠዋት አስቴር ሕፃኗን ታቅፋ ልትጠይቅ መጣች። ፋጡማ ማንም ሳይደግፋት ከአልጋዋ ወረደች። ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ተራምዳ ሕፃኗን ከአስቴር ክንድ ተቀበለች። አዮ ሐሊማ እልል ሲሉ እማማ በላይነሽ ተቀበሏቸው፤ መላው ሆስፒታል ሠርግ ያለ መስሎት ወጣ።

ሸገር

ለገሃር ስወርድ ብርዱ አጥንቴን አገኘው። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ፣ አንድ ሰው የሌላውን ሥጋ ለመቀበል ሕዋሶቹ ቢስማሙ ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ እናቶቹም መስማማት አለባቸው። ይህን በየትኛውም የሕክምና ትምህርት ቤት ቢያስተምሩ ደስ ይለኛል።

አለቃዬ ሁሉን ሰምተው በጣም ተደሰቱ። ከዚያ የዘመድ ሥጋ ይበልጥ ስለሚስማማ ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ጠየቁኝ።

«ሕፃኗ ለታማሚዋ ምኗ ናት?»

«ስንጀምር ምኗም አልነበረችም» አልኳቸው። «አሁን ልጇ ናት።»